ጥማድ መፍቻ የምትባለው ክኒን

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ አዲስ የተመደበልን ወጣት ሐኪም ግራ የተጋባ ፊት ይዞ ነርሶች ክፍል ብቅ አለ።

«ሲስተር፣ አንድ ሽማግሌ ጥማድ መፍቻዬ አልቆብኛል፣ ጻፍልኝ አሉኝ። የእርሻ ዕቃ መስሎኝ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ ብላቸው ተቆጡኝ» አለ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። መሳቢያዬን ከፍቼ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን አሳየሁት።

«አቴኖሎል ናት እንዴ?» አለ።

አዎን፣ አቴኖሎል ናት፤ ሐኪሞች ቤታ ብሎከር ከሚሏቸው መድኃኒቶች አንዷ። የልብ ደም ሥር ድንገት ተዘግቶበት ለተረፈ ሰው ትሰጣለች፤ የተጎዳው ልብ እንዳይጣደፍ ታደርጋለች። መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው። ጥማድ መፍቻ የሚለውን ስም ግን መጽሐፍ አላወጣላትም። ልጁ ማን እንዳወጣላት ሲጠይቀኝ «ቁጭ በል፣ ነገሩ ረጅም ነው» ብዬ ጀመርኩለት፤ በሽተኛ በዛና ሳልጨርስለት ቀረሁ። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ጊዜ አለኝ፣ ልጨርሰው።

እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም። የተወለድኩት ይርጋለም ነው፤ ዝናብ የማይጠፋበት፣ እንሰት ጓሮውን ያለበሰው አገር። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ሰው ነበርና ደርግ በወደቀ ማግስት እሱን ተከትዬ በዝውውር ወደ ራያ ቆላ መጣሁ። መጀመሪያ የደረሰኝ ዋጃ ነው። ከመኪና ስወርድ የተቀበለኝ ወላፈን እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። «እመቤቴ ሆይ፣ ይህን ለስንት ቀን ነው የምችለው?» አልኳት። እመቤቴም ሳትስቅብኝ አልቀረችም። ባለቤቴን በሰላም አሳርፋ፣ ልጆቼን ሐዋሳና አዲስ አበባ አድርሳ፣ እኔን ይኸው እዚሁ አስቀርታኛለች።

ዋጃ ላይ ሥራችን ወባ ነበር። ሮቢት ስዛወር ወሊድ ሆነ። ቆቦ ስገባ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ አንድ ባልደረባዬ «የእኛ ደመወዝ እንደ ጾም ቁርስ ነው፣ ስሙ እንጂ ራሱ የለም» ይል ነበር፣ እሱ ይበቃል።

አማርኛ አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ካርድ ይዞ የሚገባው ሁሉ «ልቤን፣ ሲስተር» ሲለኝ አገሩ በሙሉ የልብ ሕመምተኛ መሰለኝ። ልቤን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይቆርጠኛል፣ ልቤን ጎመዘዘኝ። ኋላ ነው የገባኝ። እዚህ ልብ የሚባለው ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለው ነው፤ ጨጓራ ማለታቸው ነው። ችግሩ፣ እውነተኛው ልቡ የታመመበትም ሰው የሚለው ያንኑ «ልቤን» ነው። ከዚያ ሁሉ ጨጓራ መሐል አንዱን ልብ ለይቶ ማውጣት ጤፍ ውስጥ የወደቀ አሸዋ እንደመልቀም ነው። ይህን ለቀማ ያስተማሩኝ ዶክተር ንጉሤ ናቸው።

ዶክተር ንጉሤ የሮቢት ገበሬ ልጅ ናቸው። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ማዳመጫቸውን በሽተኛው ደረት ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ብብታቸው ሥር ይዘው የሚያሞቁ ሰው። በሽተኛው ሲናገር አይጽፉም። «ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሰው አንዱን ይሰርቃል» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሰላምታቸው ነበር። የራያ ሰው ሰላምታ አጭር እንዳልሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል፤ የእሳቸው ግን ከአገሩም ይብስ ነበር። የበሽተኛውን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ከዚያ ይጀምራሉ። ደህና ነህ ወይ? ቤት ደህና? ከብቱ ደህና? ማሽላው ያዘ? ማሳ የሚያጠጣው ጎርፍ ገባልህ? በሽተኛው አንድ በአንድ ሲመልስ የእሳቸው ጣቶች ቀስ ብለው አንጓው ላይ ይወጣሉ። ሰላምታው ሲያልቅ የልቡን ምት ቆጥረዋል፤ እጁ ይሙቅ ይቀዝቅዝ፣ ያልበው አያልበው አውቀዋል፤ ሰውዬው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መጨረስ መቻሉን ሰምተዋል። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርጉና እግሩን ይዳስሳሉ። «እግር አይዋሽም» ይላሉ።

አንድ የአስተዳደር አለቃ ነበሩን፣ ሰዓት የሚወዱ። አንድ ቀን ሰልፉ ከበር ሲያልፍ አይተው ገቡና፣ «ዶክተር፣ እባክዎ ሰላምታው ይጠርልን» አሏቸው።

«ሰላም አላልኩም እኮ» አሉ ዶክተር ንጉሤ፣ የበሽተኛውን እጅ ሳይለቁ። «እየመረመርኩ ነው።»

«ማሽላው ምን አገባው ምርመራ ውስጥ?»

«ማሽላውን ሲያነሣ ምቱ ጨመረ። ብድር አለበት መሰለኝ።»

በሽተኛው «እውነት ነው፣ አለብኝ» አለ። አለቃችን ወጡ።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። እጅ መዳሰሱ ግን ከሳቅ አልመጣም።

ከሠራሁባቸው የሕክምና ቤቶች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ባልናገር ይሻላል፣ አንድ መምህር በሰው ተደግፈው መጡ። ገና ጎልማሳ ናቸው። ደረታቸው ላይ ሰው የቆመበት ያህል እንደከበዳቸው ተናገሩ። ምታቸው እንደሚጋልብ ፈረስ ነበር። የዚያን ጊዜ ትምህርት ግልጽ ነበር። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ቤታ ብሎከር ቶሎ ስጥ፤ ቶሎ ከሰጠህ የልቡ ቁስል ያንሳል፣ ድንገተኛ ሞትም ይርቃል። ትምህርቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ በዚህ መንገድ የተረፈ ብዙ ሰው አለ። ዶክተር ንጉሤም እንደተማሩት አዘዙ፣ መድኃኒቱ ተሰጠ፣ ምቱም ወረደ። ባለቤታቸው «ተመስገን» ብላ ተቀመጠች። እኛም ደስ አለን።

ከቀትር በኋላ የደም ግፊታቸው መውረድ ጀመረ። ከንፈራቸው አመድ መሰለ፤ ደረታቸው ውስጥ የሚንቆረቆር ውሃ በማዳመጫው ተሰማ። እግራቸውን ከፍ አደረግን፣ ኦክስጅን አደረግንላቸው፣ ያለንን ሁሉ ሰጠን። ፀሐይ ከምዕራብ ተራሮች ሳትደርስ ዐረፉ።

የገባን ኋላ ነው። የዚያ ሰው ልብ የሚሮጠው ተቆጥቶ አልነበረም። ጉልበቱ አልቆ በአንድ ጊዜ ብዙ ደም መቅዳት ስላቃተው፣ በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ እየቀዳ ሰውዬውን አቁሞት ነበር። እኛ ያንን ሩጫ ቀማነው። ዶክተር ንጉሤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ «ባልሰጠውም ይሞት ነበር ይሆናል፣ አላውቅም» አሉኝ። «ግን እጁን ይዤ ሰላም ብየዋለሁ እኮ፣ ሲስተር። እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር። እጁ ነግሮኝ ነበር።»

ያን ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለሁለቱም ጧፍ አበራሁ፤ ለሞቱት መምህርና ለቀሩት ሐኪም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ዶክተር ንጉሤ ከዚያ በኋላ ያችን መድኃኒት ለልብ በሽተኛ መስጠት ተዉ። ለግፊት ይሰጧታል፣ ለእንቅርት ይሰጧታል፤ ልቡ ለተጎዳ ሰው ግን እጃቸው አይሄድም። ዓመታት አለፉ። ትምህርቱም በበኩሉ ዞረ። መጀመሪያ «ቶሎ ስጥ» ይል የነበረው፣ አሁን «እየለየህ ስጥ» ማለት ጀመረ። ግፊቱ ለወረደ፣ ሳንባው ውሃ ለያዘ፣ ሰውነቱ ለቀዘቀዘ አይቸኮል፤ ሳንባው ደረቅ ለሆነ፣ ግፊቱ ላልወረደ ግን በአፍ፣ በትንሹ፣ ሳይዘገይ ይጀመር። ዶክተር ንጉሤ ይህን አንብበው ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ አሁን ፍርሃቴን ብቻ ነው መለየት ያለብኝ» አሉ። የሚለይበት ቀን ግን ቶሎ አልመጣም።

የመጣው ቆቦ፣ በገበያ ቀን ነው። አባ ይመር የሚባሉ፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው፣ ሠርግ ላይ ሲፎክሩ ድምፃቸው ዋጃ ይሰማል የሚባልላቸው የራያ ገበሬ «ልቤን» ብለው መጡ። ተረኛው ባልደረባችን የጨጓራ ሽሮፕ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ሽሮፓቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ቋጥረው ሲወጡ በሩ ላይ ከዶክተር ንጉሤ ጋር ተገናኙ። የድሮ ትውውቅ አላቸው። እጅ ተያያዙ፣ ተሳሳሙ፣ ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎርፉ ተጠየቀ። ዶክተር ንጉሤ ግን የአባ ይመርን እጅ አልለቀቁም።

«ልቀቀኝ እንጂ፣ ገበያ ነኝ» አሉ አባ ይመር።

«ይመር፣ ልብህ የትኛው ነው? አሳየኝ።»

አባ ይመር በጣት አላሳዩም። መዳፋቸውን ዘርግተው ደረታቸው መሐል ላይ አሳረፉ። ጨጓራ ያመመው ሰው በጣት ያሳያል፤ ልብ ያመመው በመዳፍ ይሸፍነዋል። ይህንንም ከዶክተር ንጉሤ ነው የተማርኩት።

«ና ግባ።»

«ለገበያ ያመጣኋቸው ፍየሎችስ?»

«ፍየሎቹ አያመልጡህም። አንተ ነህ የምታመልጠው።»

የልብን ምት በወረቀት ላይ የምትሥለው መሣሪያ ያኔ ገና መጥታልን ነበር። ወረቀቷ ላይ የወጣው መስመር ጥርጥር አልነበረበትም፤ የልባቸው ደም ሥር ተዘግቷል። አስፕሪን አስቆረጠምናቸው። አምቡላንሷ ወላድ ይዛ ወጥታ ስለነበር እኛው ዘንድ ተኙ። ምታቸው ይጣደፋል። ጥያቄው ያ ጥያቄ ነበር። ይህ ሩጫ የቁጣ ነው ወይስ የመጨረሻ ጉልበት? አቴኖሎል ቢሰጣቸው ሊያተርፋቸው ይችላል፤ ያለ ቦታው ቢሰጣቸው እንደ መምህሩ ሊሆኑ ነው።

ዶክተር ንጉሤ ሳንባቸውን አዳመጡ፤ ደረቅ ነው። ግፊታቸውን ለኩ፤ ደህና ነው። እግራቸውን ዳሰሱ። ክኒኗን ግማሽ ላይ ሰብረው መዳፋቸው ላይ ያዟትና ቆሙ። እዚያው ቆመው ቀሩ። ከእሳቸው ሌላ ያን በረንዳ የማስታውሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሲስተር፣ አንቺም ያዢው» አሉኝ።

የአባ ይመርን እጅ ያዝኩ። የማረሻ እጅ ነው፣ ሻካራ፤ ግን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ነበር።

«ሞቃት ነው» አልኩ።

«እግሩስ?»

«እሱም ሞቃት ነው፣ ዶክተር።»

አባ ይመር አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አዩ። «እናንተ ሰዎች፣ እንደ ገበያ ከብት የምትዳስሱኝ ልትገዙኝ ነው?» አሉ።

ግማሿ ተሰጠች። ያን ውሎ ከአጠገባቸው አልራቅኩም፤ ግፊታቸውን እለካለሁ፣ ሳንባቸውን አዳምጣለሁ፣ በልቤ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ግፊቱ ሳይወርድ ዋለ። ምቱ ረገብ አለ። ዶክተር ንጉሤ በመስኮት እያዩ ያልፋሉ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ «ሞቃት» እላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቀጣዩን ግማሽ ይዤ ስሄድ፣ ለበሽተኛ ሁሉ እንደማደርገው የመድኃኒቱን ጥቅም አስረዳሁ።

«አባ ይመር፣ ይህቺ ክኒን ልብዎን ታቀዘቅዛለች» አልኳቸው።

አባ ይመር የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ምን አልሽ?»

«ልብዎን ታበርዳለች፣ ቀስ ታደርጋለች።»

«የራያ ወንድ ልቡ ከቀዘቀዘ ምኑ ቀረ?» አሉ ለተኙት ሁሉ። «ነገ ጠላት ቢመጣ ቁጭ ብዬ ልቁጠረው?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ከአልጋው ግርጌ ሆነው፣ «ይቀዝቅዝ እንጂ» አሉ። «እኔን ዕድሜ ልኬን አቃጥሎኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አባ ይመርም ሳቁ፣ ክኒኗንም አፋቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ምታቸው እንደገና ወጣ። ሽንት ቤት ሄደው ሲመለሱ ያ ክብደት ደረታቸው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ግንባራቸው አላበው። ወይዘሮ ዘሀራ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዶክተር ንጉሤ ተጠርተው መጡ። መጠኑን ይጨምሩ ይሆን ብዬ ስጠብቅ እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙና ሰላምታ ጀመሩ።

«በበሬዎችህ ማን እያረሰ ነው?»

«ጎረቤቴ እንድሪስ።»

«ሰማሁ። በቀትር ያርስባቸዋል አሉ።»

አባ ይመር ከትራሱ ቀና አሉ። «በዚህ ፀሐይ? እንድሪስ አብዷል? ቀትር ጥማድ መፍቻ አይደል?»

«ምናለ ቢያርስባቸው?»

«ይሞታላ በሬው። ቀንበር ይወርድለታል፣ ጥላ ይገባል፣ ውሃ ይጠጣል።»

«አንዱ በሬ ደግሞ ጫንቃው ቆስሏል።»

«የቆሰለማ ጭራሹን አይጠመድም። እስኪሽር ይፈታል። ምን ነካህ፣ አንተም የገበሬ ልጅ ነህ እኮ።»

«በሬው ሲፈታ ይፈራል? ፈሪ ይሆናል?»

«ለምን ይፈራል? ነገ አፈር ሲገለብጥ እንዲውል ነው እንጂ...»

አባ ይመር ዶክተሩን ቀና ብለው አዩ። ዶክተር ንጉሤም የአባ ይመርን እጅ አልለቀቁም።

«ዞረህ ዞረህ እኔ ላይ መጣህ» አሉ አባ ይመር በመጨረሻ። የሽርጣቸውን ጫፍ ፈቱ። ከሽሮፑ ጠርሙስ ጋር የተቋጠሩ ግማሽ ክኒኖች ወደቁ። ምላሳቸው ሥር ይዘው ሲያወጧቸው ኖረዋል። «ቀዝቃዛ ልብ አልፈልግም ብዬ ነው። ጥማድ መፍቻ ናት ብትሉኝ ኖሮ ማን እንቢ ይላል? በይ ሲስተር፣ ያችን ጥማድ መፍቻ አምጪ።»

እኔ በስመ አብ ብዬ ሰጠኋቸው፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው ዋጧት። ሁለት ጊዜ ተባርካ ገባች። ምላሳቸውን አንሥተው ሥሩን አሳዩኝ፣ ባዶ ነበር። ወይዘሮ ዘሀራን «አብሽሪ» አሏቸው፣ «እኔ ነኝ ጥማድ የፈታሁት እንጂ አንቺማ ገና ታርሻለሽ።» ከጥቂት ቀን በኋላ በእግራቸው ወጡ።

እንዲህ ሆነች ጥማድ መፍቻ። ስሙ ከአልጋ አልጋ፣ ከገበያ ገበያ ሄደ። ዶክተር ንጉሤም ስሙን ለማስተማሪያ ያዙት። ለአዲስ ነርሶች ሲያስረዱ፣ «ጎርፍ መሐል የገባን በሬ ጥማድ አትፈታም፤ ይወስደዋል» ይሉ ነበር። «መጀመሪያ ወደ ዳር አውጣው።» ሳንባው ውሃ የያዘ በሽተኛ ማለታቸው ነው፤ ውሃው ላሲክስ በሚባለው የሽንት መድኃኒት ይወጣል፣ ሰውነቱ ይሞቃል፣ ጥማዱ ከዚያ ይፈታል። የጎሊና ወንዝ ሲሞላ ያየ የቆላ ልጅ ይህን ሁለተኛ መስማት አያስፈልገውም።

ስሙ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። አንዲት አዲስ ነርስ አሳጥራ ለአንዲት ክርስቲያን እናት «ይህች የፍታት ክኒን ናት» ብላቸው፣ እማማ አማትበው አልጋውን ለቀው ወጡ። ፍታት ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት መሆኑን ለልጅቷ ማስረዳት፣ እማማን ደግሞ ከበር መመለስ የእኔ ድርሻ ሆነ።

አባ ይመርን ረመዳን ሲገባ አስጠርቼ፣ ክኒኗ በድንገት እንደማትቋረጥ ነገርኳቸው። በድንገት የተተወች እንደሆነ ልብ ተመልሶ ይሸበራል።

«ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጾም የማስፈታው? ሲያፈጥሩ ይውሰዷት፣ በቀን አንዴ ናት።»

«እንደሱ በይኝ። ጾም የሚያውቅ ሰው ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየረመዳኑ መግቢያ ሳልጠራቸው ይመጣሉ፤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ደግሞ እኔን «በርቺ» ሊሉ ይመጣሉ።

ዶክተር ንጉሤ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጥተው ሮቢት ማሽላቸውን ከወፍ ይጠብቃሉ። የእኔ ሽኝት ቀን መጡ፤ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ጋቢ አለበሱኝ። ያ ወጣት ሐኪም ንግግር አደረገና ጥማድ መፍቻን ሲያነሣ ቤቱ ሳቀ። በመሐል አባ ይመር ከወይዘሮ ዘሀራ ጋር ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ተነሥቼ ሄጄ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከብቱ ደህና? ማሽላው ያዘ? ጎርፉ ገባልዎ?

«ቆጠርሽ?» አሉኝ።

«ቆጠርኩ።»

«እና?»

«ጥላ ሥር የሚያመሰኩ በሬ ነዎት።»

ሳቁ። «ያንቺም ጥማድ ተፈታ አሉ። እንግዲህ አገርሽ ትገቢያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ልጆቼም ሲጠይቁኝ ነበር የሰነበቱት። ይርጋለም አሁን የማውቀው ሰው ጥቂት ነው። መልሴን ሳይጠብቁ አባ ይመር ራሳቸው መለሱት።

«የተፈታ በሬ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወዴት?»

«ውሃ ወደለመደበት ነዋ።»

እጄን ልስብ ስል አልለቀቁኝም። እንደ ዶክተር ንጉሤ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ምት መቁጠር ባያውቁም ጣታቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ቤቱ ጠበቀ።

«ዘሀራ፣ ሞቃት ነው» አሉ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ቤት ትምጣ» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ። «የጾም ወጥ እሠራላታለሁ።»